ከካዛንቺስ ቄራ፣ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ

ፊት ለፊታችሁ የሚሆነውን ነገር አጠገባችሁ ለተቀመጠ ሰው ልትነግሩ ጀምራችሁ፣ አፋችሁ ከዓይናችሁ ኋላ ቀርቶባችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ያውም አስተማሪ ነኝ። ቂርቆስ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ "ሳትጠየቅም ታስረዳለች" እያሉ ያሙኛል፣ ሐሜቱም እውነት ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ለአንድ ሰው በቅጡ መንገር አቅቶኝ ነበር።

ሰውዬው ጎረቤቴ ናቸው። በግቢያችን ሁሉም ሰው ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚኒባስ ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል። ቤታቸው ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ከልጃቸው ጋር እኔ ወደምከራይበት ግቢ መጡ። ልጃቸው ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ አባቷን የምትጠብቀው እንደ እንቁላል ነው።

ጋሼ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ደጋፊ ናቸው ብል የነገሩን ግማሽ እንኳ አልነገርኩም። እግር ኳስ ብቻ በሚወራበት ከተማ ውስጥ፣ ገና ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቡድናችን በሜዳው ሲጫወት አንድ ጨዋታ ሳያመልጣቸው ኖረዋል። ተራ ይዘው በተሰለፉበት ሰዓት ጨዋታ ከደረሰ፣ ተራቸውን ለሌላ ሹፌር ሰጥተው ይሄዱ ነበር አሉ። አንድ ልማድም አላቸው። በሜዳችን ስናሸንፍ እቤት ደርሰው ወደ ውስጥ አይገቡም። ኮፍያቸውን ሳያወልቁ በራፍ ላይ ካለችው ዱካ ላይ ይቀመጡና፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያዋ ኳስ እስከ መጨረሻዋ ለልጃቸው ይተርካሉ። እሷ ለሰኞ የምትለብሰውን እየተኮሰች ታዳምጣለች። ቅርጫት ኳስ አትወድም፤ አዳራሹን ረግጣው አታውቅም። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ያሸነፍነውን ጨዋታ ሁሉ ከካውያው ጀርባ ሆና ሰምታዋለች። ከተሸነፍን ጋሼ ቀጥ ብለው ይገባሉ፤ ውጤቱን የምታውቀው በዚያ ነው።

የዓይን ግፊት የሚባለው በሽታ ለዓመታት ቀስ በቀስ ሲያጠቃቸው ቆይቶ፣ ባለፈው ዓመት ዓይናቸውን ጨርሶ ወሰደው። ልጅየዋ አዳራሽ መሄዱ ይቅር አለች። ምክንያቷ የአዳራሹ ደረጃ ነበር፦ ረጅም ነው፣ የሚያዝ ነገር የለውም፣ ሰውም ይገፋፋል። እኔ መሃል ገብቼ "እኔ ይዣቸው እሄዳለሁ፣ ጨዋታውንም አስረዳቸዋለሁ" አልኩ። በትምህርት ቤት ሳለሁ ቅርጫት ኳስ ተጫውቻለሁ፣ ሕጉን አውቃለሁ፣ ማስረዳት ደግሞ ሥራዬ ነው። ምንም የሚጎድለኝ አልመሰለኝም።

አዳራሽ ይዣቸው የሄድኩ ቀን ያለማቋረጥ ተናገርኩ። ዳኛው ለምን እንደነፋ፣ ተጫዋቹ ኳስ ይዞ ስንት እርምጃ እንደሚፈቀድለት፣ አሠልጣኙ ተጫዋች ሲቀይር ምን አስቦ ሊሆን እንደሚችል፣ ሁሉንም። በመሃል ጋሼ እጄን መታ መታ አደረጉና "ልጄ፣ ሕጉን አውቀዋለሁ። ኳሷ የት ናት?" አሉኝ። "እዚያ ጋ" አልኳቸው። እዚያ ጋ ማለት ለማያይ ሰው ምንም ማለት እንዳልሆነ እንኳ ልብ አላልኩም።

አሸነፍን። ግቢ ስንደርስ ልጅየዋ ካውያውን ሰክታ ትጠብቃለች። ጋሼ ዱካዋን በበትራቸው ዳሰሱና አልፈዋት ገቡ።

"ተሸነፋችሁ እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ አሸንፈናል።"

"ታዲያ ምነው?"

መልሱ ከውስጥ መጣ። "ቲቸር ስታስተምረኝ ዋለች። ጨዋታውን ግን አላየሁትም።"

ይህን ያሉት ያለ ቁጣ ነው። ለዚህ ይሆናል የከበደኝ። ልጅየዋ ካውያውን ነቀለችና በሩ ላይ ቆማ፣ ሁለታችንም እንድንሰማ አድርጋ ተናገረች። "አባዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሂድ። ተመልሰህ እንደ ድሮው ከተረክልኝ፣ መሄድህን ትቀጥላለህ፣ አልከለክልህም። ካልቻልክ ግን ከዚያ ደረጃ ጋር መታገሉ ይቅርብህ። ውጤቱን ከስልክ አነብልሃለሁ።"

"ውጤትማ ማን ፈለገ" አሉ ጋሼ። ግን እሺ አሉ።

በቀጣዩ ጨዋታ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጠሩኝ። ዱካዋ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ በጣታቸው መስመር ያሰምራሉ። "ቲቸር፣ እኔ መንገድ ነው የማውቀው" አሉ። "እንግዲህ ሜዳውን መስመር አድርጊልኝ። የእኛ ቅርጫት ካዛንቺስ ይሁን። ከዚያ ለገሃር። መሃል ላይ ያለው ክብ ሜክሲኮ ነው፣ አደባባይ አይደል። ከሜክሲኮ ቀጥሎ የእነሱ የሦስት ነጥብ መስመር አለ፤ እሱን ቡልጋሪያ በይው። ቅርጫታቸው ቄራ። ሌላ ነገር አልፈልግም። ማን እንደያዛትና የት እንደደረሰች ብቻ ንገሪኝ።"

ደብተር አውጥቼ ሜዳውን ሳልኩ፤ አምስቱን ቦታዎች ጻፍኩበት፤ በቃሌም አጠናሁት። ቀላልነቱ ገረመኝ። እሳቸው ያንን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር በቃላቸው ይዘውታል። እኔ ለገሃር ያልኩ እንደሆነ ርቀቱን ፔዳል ላይ በኖረው እግራቸው ነው የሚያውቁት። እርግጥ በጭንቅላታቸው ያለው ካዛንቺስ የድሮው ነው፤ ለእኛ ሥራ ግን እሱው በቂ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቷል። ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠርን ወጣንና ከጎን በኩል ተቀመጥን። የተቀመጥንበት ቦታ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች መሃል ሆኖ አገኘነው፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ከጋሼ በስተግራ ቄራ ልኳንዳ ቤት ያለው ወፍራም ሰውዬ ተቀምጧል። ለብዙ ዓመታት በየጨዋታው ከጋሼ ጋር ሲበሻሸቁ የኖሩ ናቸው።

ጨዋታው ተጀመረ። "ካዛንቺስ፣ አራት ቁጥር" አልኩ። "ለገሃር። ለገሃር። ሜክሲኮ ደረሰ፣ ሁለት ሰው መጣበት። ወደ ግራ ሰጠ። ቡልጋሪያ፣ ሰባት ቁጥር። ገባ፣ ቄራ። ገባች።"

ጋሼ ከአዳራሹ ጩኸት ጋር እኩል እጃቸውን አነሱ። ፊታቸው በራ ማለት ለእሳቸው ያንሳቸዋል፤ ጀርባቸው ቀና አለ። መሪ የጨበጡ ይመስሉ ነበር።

ልኳንዳው ወደ እኔ ጎንበስ አለ። "እህቴ፣ ኳስ ልታዪ ነው የመጣሽው ወይስ ረዳትነት ተቀጥረሽ ነው?"

"ረዳቴ ናት" አሉ ጋሼ። "አንተን ግን አንጭንም፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ትይዛለህ።"

"ወደ ቄራ እኮ ነው የምትሄዱት ጋሼ፣ ሰፈሬ ነው።"

"ሰፈርህን ልናየው ነው የመጣነው።"

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሩቦች እንዲህ አለፉ። እኔ የቦታ ስም እጠራለሁ፣ ጋሼ መንገድ ይመርጣሉ። "ሜክሲኮ ይጨናነቃል፤ ለምን በግራ አይዞርም?" ይላሉ፤ ሁለት ጊዜ ያህል ተጫዋቹ ልክ እንዳሉት አደረገ። የጨዋታውን ቅርጽ ከእኔ ቀድመው ያውቁት ነበር። አንድ ጊዜ "ተዪ፣ ይህቺ አትገባም" አሉኝ፤ ኳሷ ገና አየር ላይ ነበረች። ከውርወራው በፊት ሰባት ቁጥር በሁለት እግሩ ሲረግጥ አልሰማሁም አሉ። እረፍት ላይ በሁለት ነጥብ እየመራን ነበር፤ እኔም ነገሩ የተሳካ መስሎኝ በሆዴ ራሴን አመሰገንኩ።

እዚህ ላይ ቅርጫት ኳስ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። ጨዋታው አራት ሩብ አለው። ሁለተኛው ሩብ ካለቀ በኋላ እረፍት ይሆናል፤ ከእረፍት ሲመለሱ ቡድኖቹ ቅርጫት ይለዋወጣሉ። ቀድሞ ወደ ቀኝ ሲያጠቃ የነበረው አሁን ወደ ግራ ያጠቃል።

እኔና ጋሼ በዚህ ጉዳይ ላይ አልተነጋገርንም። ሁለታችንም ነገሩ ግልጽ ስለመሰለን ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ለእኔ ቦታ ቦታ ነው፣ ሰው ፊቱን ስላዞረ ቄራ ካዛንቺስ አይሆንም። ስለዚህ በቀኝ በኩል ያለው ቅርጫት ከእረፍት በኋላም ቄራነቱ ጸና። ብቻ አሁን ወደዚያ የሚሮጡት እንግዶቹ ናቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ የእነሱም ቡድን ሰባት ቁጥር አለው።

"ሰባት ቁጥር" አልኩ በችኮላ፣ የማን እንደሆነ ሳልጨምር። "ሜክሲኮ። ቡልጋሪያ። ቄራ፣ ገባች።"

በዙሪያችን የተቀመጡት እንግዶች በደስታ ጮኹ። ጋሼም ብድግ አሉ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ኮፍያቸውን እያውለበለቡ፣ በተጋጣሚ ነጥብ ከእንግዶቹ ሁሉ በላይ ተደሰቱ።

ልኳንዳው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጋሼ፣ ዛሬስ ወደ እኛ ገቡ? እንኳን ደህና መጡ፤ እንጠጋጋልዎታለን።"

ሳቁ በረድፉ ሙሉ ተዛመተ። ጋሼ እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቆዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ምንድን ነው?" አሉኝ በዝቅተኛ ድምፅ።

"ያገቡት እነሱ ናቸው ጋሼ።"

"ቄራ ገባች አላልሽም?"

"ብያለሁ። ማለቴ፣ ቅርጫቱ ቄራ ነው፣ ግን ከእረፍት በኋላ አቅጣጫው ስለሚለዋወጥ፣ አሁን ያኛው ቡድን ወደ..."

"በቃ" አሉ። በትራቸውን ዳስሰው አነሱ። "ወደ ቤት ውሰጂኝ።"

ወደ ቤት ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ካውያው ተሰክቷል፣ ዱካዋ በራፍ ላይ ናት፤ ጋሼ አልፈዋት ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ አዳራሽ የሚባል ነገር የለም። ልኳንዳው መሳቁን አቆመ። ነገሩ ከቀልድ ማለፉ የገባው ይመስለኛል።

የማስረዳው ብዙ ነገር አፌ ላይ ነበር። ካርታ ሰው በዞረ ቁጥር እንደማይዞር፣ ሰሜን ምንጊዜም ሰሜን እንደሆነ። ሁሉንም ዋጥኩት። አስተማሪ ከሆንኩ ወዲህ መልሱን ሳላውቅ የጠየቅኩት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ሳይሆን አይቀርም፦ "ጋሼ፣ ለእርስዎ ቄራ የቱ ነው?"

"የምንሄድበት ነዋ" አሉ። "ሹፌር ሲመለስ ታፔላውን ይገለብጣል።" ታፔላ ሚኒባሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ጽሑፍ ነው። "ቡድናችን የሚሄድበት ሁሉ ቄራ ነው። እነሱ ኳስ ሲይዙ ደግሞ ወደ ካዛንቺስ፣ ወደ ቤታችን ነው የሚመጡት። ይህ ምኑ ይከብዳል?"

"አይከብድም። ታፔላውን ገልብጫለሁ" አልኩ።

በትራቸውን መልሰው ሲያስቀምጡ ጊዜ ወሰደባቸው። "ሂጂ እንግዲህ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ቁጥር ከመጥራቴ በፊት "የእኛ" ወይም "የእነሱ" ማለትን ለመድኩ። አንድ ነገርም መጣ፣ ያልጠበቅኩት። አራተኛው ሩብ ላይ ከፊታችን ወረድ ብለው የተቀመጡ የእኛ ደጋፊዎች ስሞቹን ተቀበሉ። አንዱ "ለገሃር ላይ ቀማው" ይላል፤ ሌላው "ቡልጋሪያ ባዶ ነው፣ እዚያ ስጠው" ይላል። ልኳንዳው ራሱ ዳኛው ላይ ተቆጥቶ "ሜክሲኮ ላይ ፋውል ነበር" አለና፣ ምን እንዳለ ሲገባው በሐፍረት አንገቱን አከከ። ጋሼ ሰምተዋል። "ተሳፈርክ አይደል?" አሉት።

በመጨረሻው ደቂቃ በአንድ ነጥብ እየተመራን ኳስ ያዝን። "የእኛ፣ አራት ቁጥር፣ ካዛንቺስ" አልኩ። "ለገሃር። ሜክሲኮ።" ከፊታችን ያሉት ልክ እንደ ረዳት "ቄራ፣ ቄራ፣ ቄራ" ማለት ጀመሩ። "ቡልጋሪያ፣ የእኛ ሰባት ቁጥር፣ ወረወረ" አልኩ፤ ኳሷ ብረቱን መታችና ወደ ላይ ነጠረች። ከቅርጫቱ ሥር አምስት ስድስት እጅ ተዘረጋ።

ድምፄ ጠፋ። በእውነት ጠፋ፤ አፌ ተከፍቶ ምንም አልወጣም። ጋሼ ጉልበቴን ያዙ። "የት ናት? ልጄ፣ የት ናት?" ፊሽካው ተነፋ፤ አዳራሹ ጮኸ፤ እኔ ግን ሁለት እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

የነገራቸው ልኳንዳው ነው። ፊቱ ጠቁሯል፤ ቡድኑ የተሸነፈበት ሰው ነው። ወደ ጋሼ ጆሮ ተጠግቶ "ቄራ ገባች፣ ጋሼ" አለ።

ጋሼ አልተነሱም። አንድ ጊዜ ተታለዋል። "የማን ቄራ?"

"የእናንተ። የተመለሰውን ኳስ አራት ቁጥራችሁ ይዞ አገባው። አልቋል።"

"ማልልኝ አልልህም፤ አምኜሃለሁ" አሉ። ከዚያ የሆነውን እስካሁን አልረሳሁትም። ሰው ሁሉ እየዘለለ፣ እየተቃቀፈ ሳለ እሳቸው ተቀምጠው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር። ተጫዋቾቹ ወደ የት ጥግ እንደሮጡ፣ ከበሮው ከየት በኩል እንደጀመረ፣ እንግዶቹ እንዴት ዝም እንዳሉ። ሰው ምግብ እንደሚያጣጥም ድሉን አጣጣሙት። ሲበቃቸው ኮፍያቸውን አደረጉና በሹፌር ድምፅ "ቄራ፣ መጨረሻ ነው። ዕቃችሁን እያያችሁ ውረዱ" አሉ። ልኳንዳው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ደረጃውን ስንወርድ በሌላ በኩል ክንዳቸውን የያዘው እሱ ነበር።

ግቢ ስንደርስ ካውያው ግሏል። ጋሼ ዱካዋን በበትራቸው ነኩ። ልጅየዋ ቀና ሳትል ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ እጇ ግን እንደቆመ አይቻለሁ።

ተቀመጡ።

የጀመሩት ከአሳፋሪው ነው። ይደብቁት ይሆናል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ለተጋጣሚ እንዴት እንደተነሱ፣ ኮፍያቸውን እንዴት እንዳውለበለቡ ራሳቸው እየሳቁ ተረኩ። ልጅየዋም ሳቀች። ከዚያ ወደ መጀመሪያዋ ኳስ ተመልሰው ሩብ በሩብ ሄዱ። አንድ ሁለት ቦታ ላርማቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ የረሳሁት እኔ ነበርኩ።

ልጅየዋ መሃል ላይ አቋረጠቻቸው። "ሰባት ቁጥርህስ? ዛሬ እንዴት ነበር?"

"ግራ ጉልበቱን አሞታል" አሉ ያለ ማመንታት። "ከእረፍት በኋላ አንድ ጫማው ብቻ ነው ወለሉ ላይ የሚጮኸው። ግራውን ያሳርፈዋል። ለዚህ ነው የመጨረሻዋ ያጠረችበት።"

ወደ እኔ ዞረች። እኔ ስለ ጉልበት ምንም አልነገርኳቸውም። ግን ሦስተኛው ሩብ ሲያልቅ ሰባት ቁጥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ግራ ጉልበቱ ላይ በረዶ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ አይቼ አልፌዋለሁ። "ልክ ናቸው" አልኳት።

ሸሚዙን አጠፈችና ካውያውን ነቀለች። "እሺ" አለች። "ግን ደረጃው ላይ እጅህን እንዳትለቅ።"

"ማን ይለቀኛል። ሁለት ረዳት አለኝ" አሉ ጋሼ፤ ወደ አራተኛው ሩብም አለፉ።

እስኪ እናንተም ሞክሩት። ዓይኑ የደከመ አባት፣ ወይም ሥራ ይዟት ዞራ ማየት የማትችል እህት አትጠፋችሁም። አጠገቧ ተቀመጡና አንድ ጨዋታ ንገሯት። በቅድሚያ ሜዳውን በደንብ በምታውቀው መንገድ ሰይሙት፤ ስሙን እሷ ትምረጥ እንጂ እናንተ አትምረጡላት። ከእረፍት በኋላ ምን እንደሚሆን ከጨዋታው በፊት ተስማሙ። ሕጉን አታስረዱ። ሲያልቅ ደግሞ ዝም በሉና እሷ መልሳ እንድትነግራችሁ ጠይቋት።